ዘይቱን ማን በላው?

(በማኅበራችን የሩብ ዓመት ስብሰባ ላይ በሒሳብ ሠራተኛችን የቀረበ ንግግር)



እኔ እዚህ መድረክ ላይ ስወጣ የለመዳችሁት "ገቢ ይህን ያህል፣ ወጪ ይህን ያህል፣ ቀሪ ይህን ያህል" ስል ነው። አንዳንዶቻችሁ በዚያ ሰዓት ቡና ልትቀዱ ብድግ እንደምትሉ አውቃለሁ፤ አልቀየምም። ዛሬ ግን የምናገረው ስለ መኪናችን ሞተር ነው። መካኒክ አይደለሁም፤ ዲፕሎማዬ የአካውንቲንግ ነው። ስለ ሞተር ያወቅሁት ነገር ሁሉ ባለፉት አምስት ወራት በግድ የተማርኩት ነው። ሰብሳቢያችን "የሆነውን እንደሆነው ተናገሪ፤ ለሌላውም ይጠቅማል" ስላሉኝ ነው የቆምኩት። በታሪኩ ውስጥ የእኔም ጥፋት አለበት፤ እሱንም አልደብቅም።

ፒክአፓችንን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ ናት፤ የቤንዚን ሞተር፣ ባለ 4 ሲሊንደር፣ 8 ቫልቭ። ከእህል በረንዳ በርበሬውንና አተሩን የምታመጣልን፣ ያዘጋጀነውን በርበሬና ሽሮ ለየሱቁ የምታደርስልን እሷ ናት። አምና ዳገት ላይ ትደክም፣ ትንሽም ታጨስ ጀመረች። ኮሚቴው መክሮ ሞተሩ ወርዶ እንዲሠራ ወሰነ። ሥራው 86,000 ብር ፈጀ፤ ግማሹ ከቁጠባችን፣ ግማሹ ከአጋሮቻችን ድጋፍ ነው። አምስት ሳምንት ጋራዥ ቆመች። በእነዚያ ሳምንታት ዕቃውን በባጃጅና በሸክም ነበር የምናመላልሰው፤ የትከሻችሁን ሕመም ያላችሁ ታስታውሱታላችሁ። መኪናዋ ስትመለስ በእልልታ ነው የተቀበልናት።

ከዚያ በኋላ ጠረጴዛዬ ላይ የወጪ መጠየቂያ መምጣት ጀመረ። "የሞተር ዘይት፣ 1 ሊትር።" በሳምንቱ ደግሞ "የሞተር ዘይት፣ 1 ሊትር።" በሁለት ወር ውስጥ ስደምረው 6 ሊትር ሆነ። መኪናዋ በዚያ ጊዜ የሄደችው 1,900 ኪሎ ሜትር ነው። ይህ በደንቡ መሠረት ዘይቱ ሲቀየር የገባውን ሳይጨምር ነው። የሞተሩ ሆድ የሚይዘው ከ4 ሊትር ትንሽ በልጦ ስለሆነ፣ ከሙሉ ሆዱ በላይ ዘይት የት እንደገባ ሳይታወቅ ጠፋ ማለት ነው።

በቋንቋችን "በላ" የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። መኪና ዘይት በላች እንላለን፤ ሰው ገንዘብ በላ እንላለን። እኔ የሒሳብ ሰው ነኝና ወደ ሁለተኛው ሄድኩ። ወደ ጋራዡ ባለቤት ደውዬ ጠየቅሁ። "እህቴ፣ አዲስ የተሠራ ሞተር ዘይት አይበላም፤ ሾፌራችሁን ጠይቂ" አለኝ። ለእኔ በቂ መስሎ ታየኝ። ለኮሚቴው ማስታወሻ ጻፍኩ፤ የዘይቱ ጉዳይ እስኪጣራ ሾፌራችን ከሥራ እንዲታገዱ የሚል ሐሳብ አቀረብኩ።

ሁላችንም "ጋሼ" የምንላቸው ሾፌራችን ማስታወሻውን ሰሙ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት አንድም የዘይት መጠየቂያ አልመጣም። እኔም ለራሴ "ይኸው! ሲነቃባቸው አቆሙ" አልኩ። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ምን አለ ብዬ ፋይሉን አዘጋጅቼ ወደ ኮሚቴው ስብሰባ ገባሁ።

በዚያ ስብሰባ ላይ ከመሥራቾቻችን አንዷ፣ ብዙዎቻችን እማማ የምንላቸው እናት፣ ያቀረብኩትን ሁሉ ጸጥ ብለው ሰሙና አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። "ልጄ፣ ይኼ ሁሉ ወረቀት ነው። ለመሆኑ መኪናዋ ራሷ ጠጥታው ቢሆንስ? የለካ ሰው አለ?"

የለካ ሰው አልነበረም። መለካት እንዳለበትም አላሰብኩም ነበር።

ጋሼ ተጠርተው ገቡ። ምንም ሳይቆጡ ከኪሳቸው ሁለት የማደያ ደረሰኞች አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። በእነዚያ "አቆሙ" ባልኳቸው ሁለት ሳምንታት ዘይቱን በራሳቸው ደመወዝ ሲገዙ ነበር። "መጠየቅ ፈራሁ፤ እንዳልተወው ደግሞ ዘይት ያነሰው ሞተር ብሮንዚናውን ይጨርሳል፤ ኮሎውም ይበላሻል። እኔ ብባረር ሌላ ሾፌር ይገኛል፤ ሞተሩ ቢነክስ ግን ሌላ 86,000 ከየት ይመጣል?" አሉ። እህቶቼ፣ እኔ የሌብነት ማስረጃ ያልኩት ነገር የታማኝነት ማስረጃ ነበር። እኔ በጻፍኩት ማስታወሻ ፈርተው ዘይት መጨመሩን ትተውት ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንናገረው ስለ ጭስ ሳይሆን ስለ ሞተ ሞተር ነበር።

ልኬቱን በማግሥቱ ጀመርን። አሠራሩ ቀላል ስለሆነ መኪና፣ ባጃጅ ወይም ጄኔሬተር ያላችሁ ሁሉ ልታደርጉት ትችላላችሁ። መኪናዋ ዘወትር ጠዋት ሳትነሣ፣ ግቢያችን ውስጥ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ በሲሚንቶው ሜዳ ላይ ትለካለች። ዳገት ላይ የቆመ መኪና ልኬቱ ይዋሻል፤ ገና እንደጠፋ የተለካም ዘይቱ ወደ ታች ወርዶ ስላላለቀ ይዋሻል። መለኪያውን ዘንግ አውጥቶ በጨርቅ መጥረግ፣ መልሶ እስከ መጨረሻው መክተት፣ እንደገና አውጥቶ ማንበብ ነው። ዘንጉ ላይ ሁለት ምልክቶች አሉ፤ በብዙ መኪኖች በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 1 ሊትር ያህል ነው። የሚጨመረውን ዘይት የንብረት ክፍል ሠራተኛችን በሊትር ለክታ ራሷ ትጨምራለች፤ ቀኑን፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ቁጥርና መጠኑን ትጽፋለች፤ እሷና ጋሼ ይፈርማሉ። ከታች ባለው የዘይት ማውረጃ ቡሎን ላይ ቀለም እንዲቀባበት ያሳሰቡት ራሳቸው ጋሼ ናቸው፤ ሰው ፈትቶት ከሆነ ቀለሙ ይሰበራል አሉ።

600 ኪሎ ሜትር ሄደች። 2 ሊትር ጨመርን። ቀለሙ እንደተቀባ ነው። ዘይቱን የበላችው መኪናዋ ናት።

ጋሼን በኮሚቴው ፊት ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ በራሳቸው ገንዘብ የገዙትም ተከፈላቸው። "ልጄ፣ ሥራሽን ነው የሠራሽው፤ ግን መጀመሪያ እኔን ብትጠይቂኝ ምን አለበት?" ብቻ አሉኝ። ይህቺ ጥያቄ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለች።

እንግዲህ ሁለተኛው ጥያቄ መጣ፤ መኪናዋ ለምን በላችው? ሥራዋ አዲስ አይደለም ወይ?

ወደ ጋራዡ ተመልሰን ልኬቱን አሳየን። ባለቤቱ አሁን ሌላ ነገር አለ፤ "ሞተሩ እንደገና ይውረድ፤ እናንተ ስለሆናችሁ በግማሽ ዋጋ፣ በ43,000 እሠራዋለሁ።" ኮሚቴው ተጨንቆ ሊቀበል ትንሽ ቀርቶት ነበር። በዚህ መሐል የአንዲት አባላችን የወንድም ልጅ፣ በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ውስጥ አውቶ መካኒክ የሚያስተምር፣ "ሳይመረመር አይወርድም" አለን። ግማሽ ቀን ሰጥቶን እያንዳንዱን ነገር እያስረዳ መረመረው። እኔ ደብተር ይዤ አጠገቡ ነበርኩ። የነገረኝን በገባኝ መጠን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ያለኝ ይህ ነው። አዲስ የተሠራ ሞተር ዘይት አይበላም ማለት ስሕተት ነው። ፒስተኑ ላይ መካኒኮች ፋሻ የሚሏቸው ቀለበቶች አሉ። አዲስ ሲሆኑ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ተፋጭተው እስኪገጥሙ ድረስ ጥቂት ዘይት ማለፉ የታወቀ ነው። ነገሩን በእኛው ሥራ ብናየው፣ ምጣድ ስናሰስ ጎመን ዘሩ ስስ ሆኖ ካልነካው እንጀራው ይይዛል፤ ከበዛ ደግሞ ቤቱ ጭስ በጭስ ይሆናል። የሲሊንደሩም ግድግዳ ስስ የዘይት ሽፋን ይፈልጋል፤ ትርፉን ጠርጎ ወደ ታች የሚመልሰው የታችኛው ፋሻ ነው።

ታዲያ ግድግዳው እንደ መስተዋት የለሰለሰ መሆን የለበትም። የወፍጮ ድንጋይ ሲለሰልስ እህሉን ያንሸራትተዋል እንጂ አይፈጨውም፤ ስለዚህ ይወቀራል። ሲሊንደርም አዲስ ፋሻ ከመግባቱ በፊት እርስ በርሱ የሚሻገር ጥቃቅን ጭረት ይደረግበታል። ያ ጭረት ዘይት ይይዛል፤ ፋሻውንም ያስገጥማል። ጭረቱ ካልተደረገ፣ ወይም ሞተሩ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቆሞ ለረጅም ሰዓት ያለ ሥራ ከተነሣ፣ ፋሻው ሳይገጥም ግድግዳው ይለሰልሳል። ፋሻ ተገልብጦ ከገባ፣ የቀለበቶቹ ክፍተቶች በአንድ መስመር ከሆኑ፣ ወይም ልኩ ካልሆነ ፋሻ ከገባም ዘይት ይነሣል። መገጣጠሙ ግን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች እየተሻሻለ መሄድ አለበት። አንዳንድ አምራቾች ለ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሊትር ድረስ ይታገሣሉ። የእኛዋ 2,500 ኪሎ ሜትር ሄዳም በየ300 ኪሎ ሜትሩ 1 ሊትር ነበር። ስለዚህ "ትለምዳለች" ተብሎ የሚተው አልነበረም።

ዘይት ከሞተር የሚወጣባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው፤ እሱም ከርካሹ ጀምሮ አንድ በአንድ ዘጋቸው። ወጪ የማይጠይቀውን መጀመሪያ፣ ብዙ የሚጠይቀውን መጨረሻ። ይህ አካሄድ ለእኛም ሥራ ይሆናል።

አንደኛ፣ ወደ ውጭ እየፈሰሰ ይሆን? ሌሊቱን ሞተሩ ሥር ካርቶን አነጠፍን። ጠዋት አንድ ጠብታ ብቻ። የራዲያተሩ ውኃ ላይም የዘይት ቅባት አልነበረም፤ ዘይቱም እንደ ወተት አልነጣም። ስለዚህ ወደ ውጭም ወደ ውኃም አልሄደም፤ ተቃጥሏል።

ሁለተኛ፣ የሞተሩ መተንፈሻ። ከሞተሩ ውስጥ የሚጠራቀመውን ጋዝ ወደ ማቃጠያው የሚመልስ ቱቦና አነስተኛ ቫልቭ አለ። እሱ ከተዘጋ ወይም ተከፍቶ ከቀረ ሞተሩ የራሱን ዘይት ይስባል። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ሳያየው ሞተር ያስወርዳል። የእኛ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ።

ሦስተኛ፣ ጭሱ። ጥቁር ጭስ ነዳጅ በዛ ማለት ነው። ነጭ ሆኖ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቆም ጭስ ውኃ ገብቷል ማለት ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው። መቼ እንደሚጨስ ደግሞ ከቀለሙ እኩል ይናገራል። ከታች፣ በፋሻ በኩል የሚመጣ ዘይት ዳገት ላይና ነዳጅ በተረገጠ ቁጥር ያለማቋረጥ ያጨሳል። ከላይ፣ በቫልቮቹ በኩል የሚመጣው ደግሞ ሁለት ጊዜ ይታያል። አንዱ ጠዋት ስትነሣ ነው፤ ሌሊት የተንጠባጠበው ቡፍ ብሎ ይጠፋል። ሌላው ከረጅም ቁልቁለት በኋላ ነው። እግር ከነዳጅ ላይ ተነሥቶ በማርሽ ሲወረድ የአየር መግቢያው ይዘጋል፤ ፒስተኖቹ ግን መሳባቸውን አያቆሙም። አፉ የተዘጋ ጠርሙስ እንደመምጠጥ ነው፤ አየር ሲያጡ በቫልቮቹ ዘንግ በኩል ዘይት ይስባሉ።

ይህን ለማየት ወደ እንጦጦ ወጣን። ሽቅብ ስንወጣ እኔ ከኋላ ተቀምጬ እያየሁ ነበር፤ ይህ ነው የሚባል ጭስ አልነበረም። ከላይ ዞረን በማርሽ ወረድን። ሽሮ ሜዳ ጋ ጋሼ ነዳጁን ሲረግጡት ከኋላችን ሰማያዊ ደመና ተነሣ፤ የሸማ ነጋዴዎቹ ዘወር ብለው አዩን፤ እኔም አፈርኩ። አሠልጣኙ ግን ፈገግ አለ። "ከላይ ነው" አለ።

አራተኛ፣ ካንዴላዎቹን ፈታ። ሁለቱ ደረቅና ቡናማ ናቸው፤ ሁለቱ ግን ጥቁርና ቅባት የለበሱ። ዘይቱ በሁሉም ሲሊንደር እኩል አልገባም ማለት ነው።

አምስተኛ፣ የግፊት ልኬት። ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ወጥተው፣ ነዳጁ እስከ መጨረሻው ተረግጦ እያንዳንዱ ሲሊንደር በመለኪያ ይለካል። የወጣው 126፣ 128፣ 124፣ 127 ፒኤስአይ ነው። የሞተሩ መጽሐፍ ደግሞ ወደ 170 ይላል። እኔ ይህን ሳይ ልቤ ወደቀ፤ "አለቀ፣ 43,000 ሄደ" አልኩ። እሱ ግን ሳቀ። መጽሐፉ የተጻፈው በባሕር ወለል ላይ ለሚለካ ሞተር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል። ስስ አየር የሳበ ሲሊንደር የሚያሳየውም ቁጥር በዚያው መጠን ያንሳል። 170ን በሩብ ብንቀንሰው ወደ 128 ይወርዳል፤ የእኛው ቁጥር ማለት ነው። ከሁሉም የሚበልጠው አራቱ እርስ በርስ መቀራረባቸው ነው። ከዚያ በየሲሊንደሩ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ እንደገና ለካ። ፋሻው ደካማ ቢሆን ኖሮ ዘይቱ ክፍተቱን ስለሚደፍነው ቁጥሩ ወደ ላይ ይዘል ነበር። የእኛ ከ4 እስከ 6 ብቻ ጨመረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስጠነቀቀኝ። ይህ ልኬት የሚናገረው ግፊት ስለሚይዙት ስለ ላይኞቹ ፋሻዎች ነው፤ ዘይት ጠራጊው የታችኛው ፋሻ ቢበላሽ ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ ጭሱ፣ ካንዴላውና ግፊቱ ሦስቱም አንድ ነገር ሲናገሩ ነው የሚታመነው። ይህ ለእኔ አዲስ አይደለም። እኛም መጠየቂያውን፣ ደረሰኙንና የንብረት ገቢውን ሦስቱን ሳናመሳክር አንዘጋም። በጋሼ ላይ ብቻ ነው አንዱን ወረቀት ይዤ የዘጋሁት።

ፍርዱ እንግዲህ ይህ ሆነ። የታችኛው ሥራ ደኅና ነው፤ ጥፋቱ ቴስታታው ላይ ነው። በእያንዳንዱ ቫልቭ ዘንግ ላይ ዘይት እንዳያልፍ የሚከለክል ትንሽ የጎማ ቆብ አለ። ቴስታታው ሲወርድ ስምንቱም ቆቦች ደርቀው እንደ ቆዳ ጠንክረው ተገኙ፤ በጥፍር ሲነኳቸው ይፈረካከሱ ነበር። ሁለት የቫልቭ ማቀፊያዎችም ሰፍተዋል። "ታዲያ ሞተሩ ሳይሠራ በፊት ለምን እንዲህ አልበላችም?" ብዬ ጠየቅሁ። መልሱ አስገረመኝ። ፋሻዎቹ ያረጁ በነበሩ ጊዜ ሞተሩ በደንብ አይስብም ነበር። ታች ሲታደስ የመሳብ ኃይሉ ጨመረ፤ ያ ኃይል ከላይ ባሉት አሮጌ ጎማዎች በኩል ዘይቱን መጠጠው። ግማሹን ማደስ ሌላውን ግማሽ አጋለጠው።

እኔም በንዴት ወደ ቢሮ ሄድኩ። 86,000 ብር ተቀብሎ ስምንት ጎማ ያልቀየረ ጋራዥ ላይ ክስ ለማዘጋጀት ፋይሉን አወጣሁ። የመጀመሪያው ፕሮፎርማ እዚያ ነበር። በአራተኛው መስመር ላይ እንዲህ ይላል፤ "የቴስታታ ሥራ፦ የቫልቭ ጎማና ማቀፊያ መቀየር፣ ቫልቭ መፍተግ፣ 9,800 ብር።" መስመሩ ተሰርዟል። በቀይ እስክሪብቶ። ከጎኑ "ይቅር፣ ለወጪ ቅነሳ" የሚል ጽሑፍ አለ። ፊርማው የእኔ ነው።

እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ዘይቱን የበላው ማን እንደሆነ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ትዝ አለኝ። በጀቱ ከ95,000 በላይ ሆኖ ነበር። ኮሚቴው "የሚቀነስ ካለ ፈልጊ" አለኝ። የጋራዡ ባለቤት "ቴስታታው ሲታይ ደኅና ይመስላል፤ ካላችሁ ይቅር" አለ። እኔም ምን እንደሆነ ሳልጠይቅ ሰረዝኩት፤ 9,800 ብር አዳንኩ ብዬ በሪፖርቴ ላይም ጻፍኩት፤ ከዚሁ መድረክም አጨበጨባችሁልኝ። ቴስታታው ያኔ ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ነበር። አሁን እንደገና ለማውረድ፣ አዲስ ጋስኬት ጭምር፣ 16,400 ብር ከፈልን። በመሐል የተቃጠለው ዘይት 10 ሊትር ነው። የጋራዡም ሰው ጥፋት አለበት፤ ሥራው ምን እንደሚያስከትል ሊነግረን ሲገባ ሰው ላይ ጠቆመ። የእኔ ጥፋት ግን የእኔ ነው። የጋሼ ስም በደብተር ላይ በስንት ብር እንደሚመዘገብ አላውቅም።

አሁን መኪናዋ ከጥገናው በኋላ 2,400 ኪሎ ሜትር ሄዳለች። የተጨመረው ዘይት 1 ሊትር አልሞላም። ከእንጦጦ ስትወርድ ጭስ የለም። ለአጋሮቻችንም የምለው፣ የሰጣችሁት ገንዘብ ሞተሩ ውስጥ ነው፤ ይሠራል። የባከነውንም የማን ስሕተት እንዳባከነው ነግሬያችኋለሁ።

ከዚህ ትምህርት ወስደን ያስተካከልነውን በአጭሩ ልናገርና ላብቃ።

በመኪናዋ ውስጥ ደብተር አለ። ነዳጅም ሆነ ዘይት ሲሞላ ከብሩ ጎን የኪሎ ሜትሩ ቁጥር ይጻፋል። የኔ ደብተር ገንዘቡ የት እንደወጣ ይናገር ነበር እንጂ ዘይቱ የት እንደገባ አይናገርም ነበር።

ማንኛውም ጥገና በመስመር በመስመር የተዘረዘረ ፕሮፎርማ ይኖረዋል። አንድ መስመር የሚሰረዘው "ይህ ቢቀር ምን ይሆናል?" ተብሎ መካኒክ በጽሑፍ ከመለሰ በኋላ ነው። ብቻዬን አልሰርዝም፤ ሾፌሩ ይጠየቃሉ።

የተቀየረ ዕቃ ሁሉ፣ አሮጌው፣ በፌስታል ተመልሶ ይመጣል። ስምንቱ የደረቁ ጎማዎች ጠረጴዛዬ ላይ በብርጭቆ ውስጥ አሉ፤ ማየት የምትፈልጉ ኑ።

አዲስ የተሠራ ሞተር ሲወጣ እንዴት እንደሚለማመድ በጽሑፍ እንቀበላለን። ፍጥነቱ እየተለዋወጠ፣ ሳይጨነቅ ግን ሥራ እየሠራ፣ ቆሞ ለረጅም ሰዓት ሳይነሣ፤ ዘይቱም ጋራዡ በወሰነው ኪሎ ሜትር ተቀይሮ።

የመጨረሻው፣ ሰው ላይ ማስታወሻ ከመጻፉ በፊት ሰውየው ይጠየቃል፤ ነገሩም ይለካል። ይህን በሥራ መመሪያችን ውስጥ እንድናስገባው ለጠቅላላ ጉባኤው አቀርባለሁ።

ጋሼ ዛሬ እዚህ አሉ፤ እንደልማዳቸው ከኋላ በሩ አጠገብ ነው የተቀመጡት። በኮሚቴው ፊት ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ጥርጣሬው ግን ከኮሚቴው ወጥቶ በብዙዎቻችን ጆሮ ደርሶ ነበርና ይቅርታውም እዚያው ድረስ መሄድ አለበት። ጋሼ፣ በሁላችንም ፊት ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ።

እማማንም ለጥያቄያቸው አመሰግናቸዋለሁ።  አሁን ቡናው ይቀዳ፤ የዚህን ሩብ ዓመት ገቢና ወጪ ከቡናው በኋላ አቀርባለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ማንም ብድግ እንዳይል!